ቤንዚኑ የማያልቀው ጄኔሬተር

ይህን የምጽፈው እንድታምኑኝ ለመለመን አይደለም። ማመን ያልፈለገ ይለፈው። የማንንም እግር ተከትዬ አልጮህም።

ግን ሆኗል። በእኔ ላይ ሆኗል።

"ጨለማ ስለነበር ዓይንሽ አታሎሽ ነው" የምትሉኝ እንዳትኖሩ፣ ሰዓቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። ቦታው ከንፋስ መውጫ ወደ አርብ ገበያ ስትወርዱ፣ ከመኪናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው አንድ ቆርቆሮ ቤት።

ጉም ነበር። የጋይንትን የነሐሴ ጉም ለማያውቅ... በሬያችሁን ከፊታችሁ ሰርቆ የሚሄድ ዓይነት ጉም ነው። ቢሆንም ቀን ነው። ሁሉንም አይቻለሁ።

ስሜ ሰርካለም ነው። ንፋስ መውጫ ላይ "ጄኔሬተር የምትሠራዋ" ካላችሁ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ሱቄ ድረስ ያመጣችኋል። ማንም አላስተማረኝም። የሞተ ጄኔሬተር ከቁራሌው ላይ ወስጄ ፈታሁት። ገጠምኩት፤ አልተነሳም። ደግሜ ፈታሁት። ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን መልሼ መላልሼ እያየሁ... አንድ ቀን ተነሳ።

"ጄኔሬተር ሴት አይወድም" ይሉኝ የነበሩት ወንዶች ዛሬ የየራሳቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። ጄኔሬተር የሚወደው ንጹሕ ቤንዚንና ንጹሕ ዘይት ነው። ሴት ወንድ አያውቅም።

አልነሳ ያለ ሞተር ስንቱን አይቻለሁ።

አልጠፋ ያለ ግን... እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁም ነበር።

ስለ የሺ ልንገራችሁ። ሌላው ሁሉ ከእሷ ነው የሚመጣው።

የሺ የእናቴ የክርስትና ልጅ ናት። በአንድ ቁርበት ተኝተን፣ በአንድ ነጠላ ተጠቅልለን ትምህርት ቤት ሄደን ነው ያደግነው። አባቴን አላውቀውም። ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ። እናቴ ስታርፍ ከመቃብሩ አፋፍ ላይ በብብቴ ይዛ ያቆመችኝ የሺ ነበረች።

"ከዛሬ ወዲያ እናትሽም እህትሽም እኔ ነኝ" አለችኝ።

አመንኳት። በዚህ ምድር ላይ የእኔ የምለው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ከነፍስ አባቴ ሌላ የክርስትና ስሜን የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለምን እንደማልጽፈው አገሬው ያውቃል።

አምና ክንዱ የሚባል ሰው አገባች። ገበሬ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ለሥራ የማይሰንፍ። መንገዱ ዳር አጠገብ ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። መብራት በወር አንዴ ብልጭ ካለ ተመስገን በሚባልበት አገር ሱቅ ያለ ጄኔሬተር አይሆንምና የሺ ደወለችልኝ።

"ምን ያህል ይበቃናል?"

"ምን ምን ልታስነሱበት ነው?"

"ለስላሳ ማቀዝቀዣ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ አምፖሎች፣ የስልክ ቻርጅ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን አለን? አውሮፕላን እናስነሳበት?"

ተሳሳቅን። አሰላሁላት። ፍሪጅ ገና ሲነሳ፣ ለቅጽበት፣ ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ሰው ይህን ይረሳና ትንሽ ጄኔሬተር ገዝቶ ሞተሩን ያስጨንቀዋል። ክንዱ ስልኩን ተቀብሎ "ትንሹ አይበቃንም ወይ?" አለኝ።

"አንተ በአንድ በሬ ታርሳለህ?"

"ኧረ በምን አንገቱ!"

"እንግዲያው።"

ሦስት ኪሎ ዋት አልኩ። ገዙ። እኔው ወርጄ መስመሩን ዘረጋሁ፣ ኃይሉን የሚቆርጠውን ብሬከር ገጠምኩ። ስወጣም ጣቴን ቀስሬ ነገርኳቸው፤ "ከደጅ ነው የሚሠራው። ቤት ውስጥ እንዳታስገቡት። የዚህ ጭስ መርዝ ሽታ የለውም፣ ሳል የለውም። እንቅልፍ ነው የሚመስለው።"

"እሽ" አሉኝ።

የጋይንት ሰው "እሽ" ሲል መስማቱን እንጂ ማድረጉን እንዳይመስላችሁ።

በፋሲካ የሺ ንፋስ መውጫ መጣች። "ቀሚስ ላሠራልሽ ነው" አለች። ሜትር አልያዘችም። ራሷ የፈተለችውን ነጭ ፈትል ከተረከዜ እስከ አናቴ ለካችና አናቴ ላይ ስትደርስ ቋጠረችው።

"ቀሚስ ከአናት ይጀመራል እንዴ?" ብዬ ሳቅኩባት።

"ሸማኔው ቁመትሽን ይፈልጋል። ዝም ብለሽ ቁሚ!"

ቀሚሱ ሳይመጣ ሐምሌ ገባ። እኔም ረሳሁት።

በነሐሴ ስልኬ ጠራ። የሺ ናት። ድምጿ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

"ጄኔሬተሩ ደክሟል።"

"ምን ሆኖ?"

"ደክሟል አልኩሽ። ነይ።"

"ነገ መኪና ካገኘሁ..."

"ዛሬ። ብቻሽን ነይ።"

ዘጋችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ በአነጋገሯ አይደለም የተናደድኩት። በዚያው ሰሞን አርብ ገበያ ላይ "ሰርካለም የማይሆን ጄኔሬተር አስገዝታቸው ሱቁ ተዘጋ" ተብሎ መወራቱን ሰምቼ ነበር። እኔ? የማይሆን? ካቻቢቴዬን፣ ፒንሳዬን፣ መፍቻዬንና የኤሌክትሪክ መለኪያዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ከመታጠፊያው አወረደኝና በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ከቤቱ በፊት ድምፁ ደረሰኝ።

ደህና ሞተር ወጥ ነው። እንደ ንብ ቀፎ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰጠው። ይህ ግን...

ከፍ ይላል። ያቃስታል። ዝቅ ይላል።

ከፍ... ዝቅ...

ከፍ... ዝቅ...

አንዳች ነገር ይጎትተዋል፣ ይለቀዋል፣ ደግሞ ይጎትተዋል። ፍሪጅ እንዲህ አያደርግም። የማውቀው ነገር ሁሉ እንዲህ አያደርግም።

ውሻቸው አልጮኸም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። በጎረቤትም ሰው የለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ቅዳሴ ላይ ነው።

የሺ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች... መክሳት ብቻም አይደለም፣ ተሟጥጣለች። ልስማት ስጠጋ ወደ ኋላዋ ሸሸች።

"ምነው? ተላላፊ በሽታ አለብኝ?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ።"

"ማን ተኝቶ ነው?"

"ማንም።"

"ክንዱስ?"

"ሁመራ ወርዷል። ለአረም።"

የክንዱ ላስቲክ ጫማ በሩ ሥር ተቀምጧል። ዱላው ከግድግዳው ተደግፏል። ገበሬ ዱላውን ትቶ፣ ባዶ እግሩን ሁመራ ይወርዳል?

አልጠየቅኩም። እህቴ ናት። እህት አትመረመርም።

ጄኔሬተሩን ያገኘሁት የት ይመስላችኋል? በጎተራው አጠገብ ባለችው እንጨት ማስቀመጫ ውስጥ። በሩ ተዘግቶ! ወለሉ ላይ ጭድ ተነጥፏል፤ ጭዱ መሀል ላይ ረግቧል። ሰው የተኛበት ይመስላል።

"የሺ! ምን ነበር ያልኳችሁ?"

"ሌባ በዛ። ዝናቡም..."

"ሌባው ጄኔሬተሩን ይወስዳል። ጭሱ ግን እናንተን ነው የሚወስደው!"

አንዳች ነገር ፊቷ ላይ አለፈ። 

እየሠራ እያለ ከእሷ ጋር ወደ ግቢው መሀል ጎተትነው። ደረቴ ተጨንቆ ነበር። ጭሱ ነው አልኩ። ደጅ ወጥቼ ጥሩ አየር ሳብኩ...

አልለቀቀኝም።

ሞተሩ ሲያቃስት ደረቴ ይጨመደዳል። ዝቅ ሲል ይለቀኛል።

ከፍ... ዝቅ...

"ቤንዚን መቼ ሞላችሁ?"

"ለሐምሌ ገብርኤል።"

"እሱ ድሮ አለቀ። ከዚያ ወዲህ?"

"ከዚያ ወዲህ አልሞላንም።"

"ታዲያ ዛሬ በምን አስነሳሽው?"

"አላስነሳሁትም።" ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። "ጠፍቶ አያውቅም።"

ሳቄ መጣ። ይህ የቤንዚን ጋን ግፋ ቢል አንድ ቀን ቢያሠራ ነው፤ እንዲህ እየተጎተተ ደግሞ እሱንም አይሞላ። ክዳኑን ፈታሁ።

እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ቤንዚኑ ላይ ስስ አቧራ ሰፍፏል... ማንም እንዳልጠጣው ውሃ።

ሳቄ ጠፋ።

"የሺ... ይህ ሞተር ምን እየበላ ነው?"

"አበርቺው ብቻ" አለች በሹክሹክታ። "አልተበላሸም፤ ደከመው እንጂ። አበርቺልኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄድ ነበር። እኔ ግን ብልሽት አይቼ ጥዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም፤ ይህ ኩራቴ ነው፣ የጎዳኝም እሱ ነው። እንደ ደንቡ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚጎትተውን ነገር ማግኘት ነው።

ፍሪጁን ነቀልኩ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ። አምፖሎቹን አጠፋሁ። በመጨረሻ ብሬከሩን ጣልኩት፤ ቤቱ በሙሉ ሞተ።

ጆሮዬን ሰጠሁ።

ከፍ... ዝቅ...

ከሞተ ቤት ምን ይጎትተዋል?

ወጥቼ ጄኔሬተሩን ዞርኩት። በሁለተኛው ሶኬት ላይ እኔ ያልዘረጋሁት ገመድ ተሰክቷል። ከጭቃው ሥር ገብቶ፣ በጭድ ተሸፍኖ፣ ወደ ጓሮ ይሄዳል። መለኪያዬን አስነከስኩት። ቁጥሩ ይወጣል... ይወርዳል... ይወጣል...

ገመዱ የሚያልቀው ከጓሮ ባለችው ጓዳ ነው። የጓዳዋ በር ቆርቆሮ ተመቶበት በሚስማር ተከርችሟል።

"ይህ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"አትከተይው።"

"የሺ!"

"አፈር ስሆንልሽ... ሞተሩን ብቻ እይልኝ።"

አፈር ስሆንልሽ ስትለኝ እንቢ ብያት አላውቅም። ተመለስኩ።

ሞተር ሲደክም ቀጥሎ የሚታየው የአየር ማጣሪያው ነው። ሞተርም አፍንጫ አለው፤ ሲደፈን እንደ ሰው ያፍነዋል። የማጣሪያውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቼ አነሳሁት።

ስፖንጁ የለም።

በእሱ ቦታ ነጭ ፈትል ተጠቅልሎ ሞልቶታል።

ንጹሕ ነው። ከሐምሌ ጀምሮ ከሚሠራ ሞተር ውስጥ የወጣ አይመስልም፤ ዘይት አልነካውም። ግን እርጥብ ነው... በብርድ ቀን ነጠላችሁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ስትሄዱ እንደሚረጥበው።

አንዱን ጫፍ ያዝኩት። ሌላኛው ወደ ውስጥ፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ካርቡሬተር ጉሮሮ ገብቷል። ሳብ አደረግኩት።

ጉሮሮዬን አነቀኝ።

ለቀቅኩት። ለቀቀኝ።

የያዝኩት ጫፍ ላይ ቋጠሮ አለ። ፈትሉንም አወቅኩት። የየሺን እጅ መቼም አላጣውም፤ በአንድ በኩል ወፈር፣ በአንድ በኩል ቀጠን እያደረገች ነው የምትፈትለው።

ከተረከዜ እስከ አናቴ።

በእኛ አገር ክታብ የሚጻፈው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው። ቁመት ማለት ሰውየው ራሱ ነው። ይህን ሕፃንም ያውቃል። የሰውን ቁመት ለመጠበቅ የያዘ አለ... ለሌላም የያዘ አለ።

የቤንዚኑን መዝጊያ ዘጋሁት። ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረችው ጠብታ ስታልቅ ሞተር ይጠፋል። ሌላ ሕግ የለውም።

ጠበቅኩ።

ጠበቅኩ...

ከፍ... ዝቅ...

ከዚያ አንድ ነገር ሞከርኩ። የትኛውም ቪዲዮ ላይ የለም። ብቻ አንድ ያልነቀልኩት ነገር መቅረቱ ታወቀኝ።

ትንፋሼን ያዝኩ።

ሞተሩ ወረደ።

ድምፁ እየሳሳ... እየሳሳ... ልትጠፋ እንደምትል ኩራዝ መንተባተብ ጀመረ።

ከተከረቸመው ጓዳ ውስጥ አንድ ሰው ሲታነቅ ሰማሁ።

"ተንፍሺ!" ብላ ጮኸች የሺ። "ስለ ማርያም ተንፍሺ!"

ታውቃለች።

ታውቅ ነበር።

ትንፋሼ አምልጦኝ ወጣ። ሞተሩም ቀና አለ። በጓዳው ውስጥ ያ ሰው ረጅም አየር ሳበ... ከዚያ በለሆሳስ በስሜ ጠራኝ።

ሰርካለም አላለም።

በክርስትና ስሜ ጠራኝ።

ቆርቆሮውን በፒንሳ ገነጠልኩት። የሺ ከኋላዬ ቀሚሴን ትጎትታለች፣ እኔ እገነጥላለሁ። እጄ ደማ። በሩ ወደቀ።

ክንዱ መደቡ ላይ ተጋድሟል።

ዓይኑ ተከድኗል። ፊቱ ግን... ወዙ! ጉንጩ ሞልቷል። የአዲስ ሙሽራ ፊት ነው። ማተቡ ከአንገቱ ላይ የለም። በማተቡ ቦታ የገመዱ ጫፍ፣ ልጣጩ የተገፈፈው መዳብ፣ ተጠምጥሞበታል። ያ ሁሉ ኤሌክትሪክ በአንገቱ ላይ እያለ ቅንድቡ አይንቀሳቀስም።

ሞተሩ ከፍ ሲል ደረቱ ይነሳል። ዝቅ ሲል ይወርዳል። በየትንፋሹ ከንፈሩ ስሜን ይላል።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኩ። የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም።

"በገብርኤል ማግስት ነው። ሌባ እንዳይሰርቀው ብሎ ከጄኔሬተሩ ጋር ተኛ። ጠዋት ስገባ..." አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ትንፋሹ ቆሞ ነበር።"

"ሞቷል ማለት ነው።"

"አልሞተም! ትንፋሹ ነው የቆመው አልኩሽ!"

"ቀብረሽዋል?"

"አልሞተም እያልኩሽ!"

"ለሰው ነግረሻል?"

"ሁመራ ነው ያለው። ሰው ሁሉ ሁመራ እንዳለ ነው የሚያውቀው።"

በደማው እጄ ወደ ጄኔሬተሩ ጠቆምኩ። "ፈትሉስ? በፋሲካ የለካሽኝ ለዚህ ነበር?"

ያን ጊዜ አለቀሰች። "ለቀሚስ ነበር። በእናትሽ ዐፅም! የእውነት ለቀሚስ ነበር የለካሁት። ግን... ያን ዕለት ከአንች ሌላ የማንም ልክ ቤቴ ውስጥ አልነበረም።"

"ማን አስተማረሽ?"

"የጨነቀው ሰው አስተማሪ አያጣም።"

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከሐምሌ ጀምሮ ለምን ዳገት እንደከበደኝ፣ ለምን ሱቄ በር ላይ ቁጭ እያልኩ እንደማለከልክ አሁን ገባኝ። ብርድ ነው ስል ነበር።

"ታዲያ ለምን ጠራሽኝ? ከሩቅም እየበላችሁኝ አይደል?"

"ደከመ አልኩሽ እኮ" አለች፤ ለሕፃን እንደምታስረዳ ሰው ረጋ ብላ። "ገመድ ሲረዝም ኃይሉ መንገድ ላይ ይቀራል። አንች አይደለሽ ያስተማርሽኝ? ንፋስ መውጫ ሩቅ ነው። እዚህ ብትሆኝ... እዚህ ብታድሪ ይበረታል። አልጋ አንጥፌልሻለሁ።"

አልጋው እዚያው ጓዳ ውስጥ ነበር። ከክንዱ መደብ ጎን። አዲስ አንሶላ ለብሶ።

"ባጠፋውስ?"

"ይሞታል።"

"ባላጠፋውስ?"

የአልጋውን አንሶላ በመዳፏ አስተካከለች።

"ባላጠፋውስ፣ የሺ?"

"አንች እኮ ብቻሽን ነሽ" አለችኝ። ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ይህ ነው የሚገድለኝ... "ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ። ከእኔ ሌላ ማን ያለቅስልሻል?"

ከግድግዳው ተላቅቄ ቆምኩ። 

"እኔ አለቅስልሻለሁ" አለች። "በእመብርሃን ይዤሻለሁ... ደረቴን እየደቃሁ፣ ፊቴን እየነጨሁ፣ ሰው እስኪገርመው ድረስ አለቅስልሻለሁ።"

ስጦታ የምትሰጠኝ ይመስል ነበር።

ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል። ያን ዕለት ያገኘሁት ቃል አንድ ብቻ ነው።

"እናቴ ክርስትና አንስታሻለች" አልኳት።

ገፍትሬያት ወጣሁ። ጄኔሬተሩ ላይ ተንበርክኬ ካንዴላውን፣ እሳት የሚረጭለትን፣ ክዳኑን ነቅዬ በመፍቻ አሽከረከርኩት። እንደ ፍም ይፋጅ ነበር። መዳፌን ጠበሰኝ። ነቀልኩት።

ሞተሩ ጠፋ።

ዝምታው ጆሮዬን አመመኝ። ደረቴ ተከፈተ... ከሐምሌ ጀምሮ ያላገኘሁትን አየር በአንድ ጊዜ ሳብኩ።

ክንዱን ዞሬ አላየሁትም። ቦርሳዬንም አላነሳሁም። ካንዴላውን በመዳፌ ጨብጬ፣ በባሕር ዛፉ መሀል፣ ጉሙን እየቀደድኩ ሮጥኩ።

የሺ አልተከተለችኝም።

ከኋላዬ የሰማሁት ሌላ ድምፅ ነው። የጄኔሬተሩ ማስነሻ ገመድ ሲሳብ።

ጥርርር...

ደረቴ ወደ ኋላ ተጎተተ።

ጥርርር...

በጉልበቴ ወደቅኩ። ተነሳሁ።

ካንዴላ የሌለው ሞተር አይነሳም። ይህን ከስሜ በላይ አውቀዋለሁ። ብትስቢ ብትስቢ አይነሳም፣ አልኩ በሆዴ፤ ካንዴላው እጄ ላይ ነው፣ እያቃጠለኝ ነው...

ጥርርር...

ተነሳ።

ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ...

እንዴት መንገዱ ላይ እንደደረስኩ አላውቅም። ወደ ንፋስ መውጫ የሚወጣ ሚኒባስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲል መሀል መንገድ ላይ ቆምኩለት። ሹፌሩ ሰደበኝ። ስድቡ ጣፈጠኝ። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ምነው ልጄ፣ ጅብ አባረረሽ?" አሉኝ።

"ደህና ነኝ እማማ።"

"መዳፍሽ ተልጧልሳ!"

"ደህና ነኝ።"

መኪናው ኮረብታውን ዞረ። ከየሺ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቋርጠው የእግር መንገድ እዚያ ላይ ነው ከመኪናው መንገድ ጋር የሚገጥመው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ።

መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

ቅዳሴ የወጣ ሰው ነው አልኩ። ግን ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለቅሶ ነው።

"አወይ! ማን ሞቶ ነው?" አሉ ሴትዮዋ።

ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ማነው የሞተው?" ሲል ጠየቀ። 

ከፊት ከፊት የሺ ናት። ፊቷን ነጭታለች፤ ደሙ አገጯ ላይ ይወርዳል። ደረቷን እየደቃች "እህቴን! ብቸኛዋን! ማን አላት ከእኔ በቀር!" ትላለች። እንባዋ እውነተኛ ነው። የየሺን የውሸት እንባ አውቀዋለሁ፤ ይህ እሱ አይደለም።

ክንዱ በብብቷ ይዞ ደግፏታል። በሁለት እግሩ ቆሞ። እያለቀሰ።

መጋረጃውን ልስበው እጄን ዘረጋሁ፤ ዘግይቻለሁ።

አዩኝ።

መጀመሪያ የሺ። ከዚያ ክንዱ። ከዚያ ሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቴ መለሱ። ዓይኔን አዩት። ግማሾቹን አውቃቸዋለሁ፤ ጄኔሬተራቸውን ሠርቻለሁ፣ ሬዲዮናቸውን ጠግኛለሁ። እነሱም ያውቁኛል።

ማንም ለቅሶውን አላቆመም።

ሹፌሩ ቀስ ብሎ ማርሽ አስገባ። ሰዎቹ ግራና ቀኝ ተከፍለው መንገድ ለቀቁልን። መስኮቴ በአጠገባቸው ሲያልፍ... ወንዶቹ፣ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚደረገው፣ ራሳቸው ላይ የደረቡትን ጋቢ አወረዱ።